ሁለት ዓይነት ግሪስ በአንድ ጎማ

ሐሙስ ጠዋት፣ መጋቢት 12
ከጋራዡ

ይድረስ ለጉልቤዋ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔና እናትሽ ደህና ነን፤ ማለቴ እሷ ደህና ናት። እኔን ከትናንት ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎኛል። ወረቀቱን ከመቅደድሽ በፊት አንዲት ነገር ብቻ አንብቢልኝ፦ ቅዳሜ ሙሽራ ጭነሽ ያንን የሰፈርሽን ቁልቁለት እንዳትወርጂ። ከእኔ ይዘሻት የሄድሽውን አሮጌ መኪናችንን አቁሚያት። የፊት ጎማዎቿን በሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ውስጥ ያለው ግሪስ ተበላሽቷል፤ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ።

"ደግሞ ጀመረው!" እንደምትዪ አውቃለሁ። አንዴ "መሪዋ ችግር አለበት፣ መልሺያት" አልኩሽ። ሌላ ጊዜ "ራዲያተሯ ያፈሳል" ብዬ ላክሁብሽ። ሁለቱም ውሸት ነበር። መኪናዋን ፈልጌ እንዳይመስልሽ፤ እሷ ከመጣች አንቺም ትመጫለሽ ብዬ ነው። ስልኬን ብትዘጊብኝ አልፈርድብሽም። ትናንት እናትሽ ስትደውልልሽ "እሱ ነው ያስደወለሽ" ብለሽ ጆሮዋ ላይ ዘጋሽባት። አሁን እውነት ስናገር የሚያምነኝ አጣሁ፤ የእጄን ነው ያገኘሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመሄድሽ በፊት የተጣላነው በግሪስ ነበር። "አባዬ፣ ያንተ ቢጫ ግሪስ ድሮ ቀረ፤ ውሃ ሲነካው ይሟሟል፤ ሰማያዊው ይሻላታል" አልሽኝ። እኔ ደግሞ "ይህች አሮጊት አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ በቢጫው ነው የኖረችው!" ብዬ ጮህኩብሽ። አንቺ ኩሽኔታዎቹን በቤንዚን አጠብሽ፣ አደረቅሽ፣ በመዳፍሽ እየጨመቅሽ ሰማያዊውን ሞላሽ። ሥራሽ እንከን አልነበረውም። እጅሽን ልትታጠቢ ስትገቢ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የኩሽኔታውን ክዳን ነቅዬ ባንቺው ግሪስ ላይ ቢጫዬን ጠቀጠቅሁበት። ሁለቱንም ጎማ! ከዚያ ክዳኑን መልሼ ጠራረግሁና ምንም እንዳላደረገ ሰው ፉጨቴን ቀጠልኩ።

ትናንት ባለታክሲው ጎረቤታችን አሮጌ መኪናውን አስጎትቶ መጣ። ባለፈው ወር ለእሱም እንዲሁ በሰማያዊ ላይ ቢጫ ጨምሬለት ነበር። ፍሬን ቢረግጥ እምቢ ብላው ከግንብ ጋር ተላትማ ነው የቆመችው። እሱን እግዜር አተረፈው። ጎማውን ስፈታ ግሪሱ ቀጥኖ፣ ማሸጊያ ጎሚኒውን አልፎ፣ ጎማውን ይዞ የሚያቆመውን የፍሬን ሸራ አርሶታል። እኔ ግትሩ አሁንም አላመንኩም። ከሁለቱም በማንኪያ ቆንጥሬ ምድጃ ላይ ለየብቻ አሞቅኋቸው፤ እንዳሉ ናቸው። አንድ ላይ ባደርጋቸው እንደ ሾርባ ፈሰሱ። ያንቺ ቁልቁለት ግንብ የለውም ልጄ፣ ገደል ነው።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው እያልኩ ስንቴ ተረትኩብሽ? ለካ የሚነገረው ለእኔ ኖሯል።

ሁሉንም ፈትተሽ እጠቢ። የቢጫው ምልክት እንኳ እንዳይቀር። ሸራው ከረጠበ ጠርገሽ አትመልሺው፣ ቀይሪው። ከዚያ የራስሽን ሙዪበት።

ዓርብ፣ አውቶቡስ ውስጥ

ጽሑፌ የሚንቀጠቀጠው በመንገዱ ነው፤ በእርጅና እንዳይመስልሽ።

ይህን ወረቀት ለአውቶቡሱ ሹፌር ልሰጠው ነበር። ተቀብሎ መስታወቱ ሥር ጣል አደረገውና "ባላገኛትስ?" አለኝ። ቢያገኝሽስ፣ የውሸታም ወረቀት ማን ያምናል? ወረቀቴን ነጥቄው ጋራዥ ደርሼ ተመለስኩና በሥራ ልብሴ ዘልዬ ገባሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ሞኙ ወረቀቴን ይዤ እየመጣሁልሽ ነው። ክሪክና መፍቻ ይዣለሁ። አዲስ የፍሬን ሸራና ሰማያዊውንም ገዝቻለሁ። ባለሱቁ "አንተ? ሰማያዊ?" ብሎ እስኪያለቅስ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

እናትሽ መሄዴን የሰማችው ከመናኸሪያ ስደውልላት ነው። "ደግሞ እዚያ ሄደህ እንዳትጮህባት" አለችኝ። አልጮህም። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የምጮህበትም ሰው የለኝም፤ ጋራዡ ጭር ብሏል።

ደረስኩ። መኪናዋ ደጅሽ ላይ ለነገ ሪባን ታስሮላት ቆማለች። ታጥባ ስታምር! ጎንበስ ብዬ የግራ ፊት ጎማዋን ከጀርባው በጣቴ ዳሰስኩት። በቀጠነ ግሪስ ርሷል።

ሦስቴ ልታንኳኳ ያለችው እጄ ሦስቴ ተመለሰች። ፈራሁሽ። ወረቀቱን በበሩ ሥር አስገባልሻለሁ። ልታዪኝ ካልፈለግሽ አትውጪ፤ ያላንቺ ፈቃድ ግን ዳግመኛ አልነካትምና ቁልፉን ብቻ በመስኮት ወርውሪልኝ። ፈትቼ፣ አጥቤ፣ ሸራውን ቀይሬ፣ አንቺ እንደሞላሽው አድርጌ ሞልቼ እሄዳለሁ። ካልወረወርሽም ከጎማው ፊት መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። ነገም እዚሁ ነኝ፤ መኪናዋ በእኔ ላይ ካልሆነ በቀር አትወጣም።

ከዕድሜዬ ቀንሶ ላንቺ ይጨምርልሽ።

አባትሽ፣
ከደጅሽ ላይ