ዙቤይዳ የለካቻቸው ፎቅ ቤቶች

ጅማ፣ ሐምሌ 2 ቀን 1976 ዓ.ም.

ጋሼ ቲጃኒ፣ ልጅዎ አንደኛ ወጣች። ዙቤይዳ ስለ ጅማ የእንጨት ፎቅ ቤቶች የጻፈችውን የዶክትሬት ጥናት፣ ሃንጋሪ ያለው ዩኒቨርሲቲዋ ዘንድሮ በሕንፃ ታሪክ ከቀረቡት ሁሉ የላቀ ነው ብሎ ሸለማት። ሰላምታውን ላስቀድም ብል ብዕሩ እምቢ አለኝ።

አሁን ልመለስ። ለመሆኑ እንዴት ከርመዋል? ወገብዎን ተሻለዎት? የድሬዳዋ ሙቀትስ እንዴት ይዟችኋል? ኢዱንስ እንዴት ዋላችሁ? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን፤ ዝናቡ ብቻ ሂርማታ ገበያ አላስደርስ ብሎናል።

ኤጋ ምን ልበልዎት፣ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ እናንተም ወደ ድሬዳዋ ሳትሄዱ፣ ለጥናቷ ሜትር ይዛ ከበረንዳ በረንዳ ስትዞር ሰፈሩ ያለውን አይረሱትም። «የትርፍ ቤት አዋጅ ተመልሶ መጣ፤ የቲጃኒ ልጅ ለመንግሥት እየለካች ነው» ተባለ። ደንበኛው ሁሉ ከሱቅዎ ሸሸ። ጎረቤታችን አባቦራማ ፎቁ እንዳይቆጠርበት ደረጃውን ነቅሎ ጓሮ ሲደብቅ፣ ሚስቱን እላይ ረስቷት ምሳዋ በገመድ ተሳበላት። እርስዎም አፍረው «ወይ ሜትሩን ወይ ቤቴን ምረጪ» አሏት። ልጅ ናት፣ ሜትሩን ይዛ እኔ አክስቷ ዘንድ መጣች፤ የሜትሩን አንድ ጫፍ እኔ እየያዝኩላት ጨረሰች። ከዚያ ወዲህ ለደብዳቤዋ እንኳ መልስ አልሰጧትም።

ያው አባቦራ ትናንት መጥቶ «ሀዋ፣ የኔ በረንዳ መጽሐፉ ውስጥ ገብቷል ወይ?» አለኝ። «ደረጃ የሌለው ፎቅ ብላ ጽፋው ይሆናል» ስለው ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። ሰው ሁሉ ዛሬ ቤቱ ሳይለካ የቀረበት ይመስል ይቆጫል።

ጋሼ፣ ልጅቷ ምን ብላ እንደጻፈችልኝ ያውቃሉ? «ሲያጨበጭቡልኝ እኔ የማስበው አባባ ይሰማ ይሆን ወይ ብዬ ነበር» ትላለች። በዚህ ወር መጨረሻ ለጥቂት ቀን ትመጣለች። ልደግስልሽ ብላት «አባባ ዱዓ ካላደረገልኝ ከማዕዱ አልቀርብም» አለች። ተመልሳ ከሄደች ደግሞ መቼ እንደምትመጣ አላህ ነው የሚያውቀው። እርስዎ የተቆጡት ለስምዎ ብለው ነበር፤ ይኸው ስምዎን ባሕር አሻግራ አስጠራችው። ከዚህ ወዲያ ማኩረፍ ለማን ይጠቅማል?

ለእናቷ ለባህሪያ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለው ያንብቡላት፤ ታልቅስ፣ አይከልክሏት። ሸኩርን ጉንጩን ሳሙልኝ፤ እህቱን ረስቷት እንዳይሆን። ልጅዎ ዘይቡም ትምህርት ተዘግቷልና ላለመምጣት ሰበብ የላትም። ሙክቱ ከየቡ ገበያ መጥቶ ጓሮ ታስሯል፤ ለእርስዎ መኝታ አንጥፌያለሁ። እህትዎ ሀዋ ሁላችሁንም አንድ ሳይቀር የምጠብቃችሁ እሁድ፣ ሐምሌ 29 ቀን ነው።