ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበር

ለልጆቼ እናት፣

እንዴት ከረምሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? ትልቋ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? የትንሹ የፊት ጥርስስ በቀለ? እናትሽ ጉልበታቸውን እንዴት አደረጋቸው? እኔ ደህና ነኝ። ከእናንተ በቀር የጎደለኝ ነገር የለም፤ ናፍቆቱ ግን ሞልቶ ፈሷል።

ይህ የማን ጽሑፍ ነው እያልሽ ወረቀቱን አታገላብጪ። የእኔ የባልሽ ነው። የማታ ትምህርት ከገባሁ አሥረኛ ወር ያዝኩ። መምህሯ በሃያ ዓመት ሥራዬ እንዳንተ ያለ ተማሪ አላየሁም ብላኛለች፤ ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም፣ ጥሩ ነገር ብዙ አይመረመርም። አጠገቤ የሚቀመጠው ሥጋ ሻጭ ፊደል ሲጽፍ ክንዱን እስከ ትከሻው ያነሳል፣ አጥንት የሚሰብር ነው የሚመስለው። የእኔ እጅ ግን መሪ የለመደ ስለሆነ ኩርባ ላይ አይቸገርም።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። መኪናችንን ለወጥኳት። አዎ፣ ያቺን አሮጊት፤ ብርድ ሲሆን ካልተገፋች የማትነሳውን፣ ዳገት ላይ ተሳፋሪ ወርዶ የሚያግዛትን። እሷን ሰጥቼ፣ ያጠራቀምኳትን ጨምሬ ሚኒቫን አመጣሁ። አዲስ እንዳትመስልሽ፣ አቅማችንን ታውቂዋለሽ። በፊት የዳቦ ቤት ነበረች፤ ማሞቂያውን ስከፍተው እስካሁን ዳቦ ዳቦ ትሸታለች። የጎኑ በር በትከሻ ካልተገፋ አይዘጋም። ሰዓቷ ደግሞ ሁልጊዜ አራት ከሩብ ነው፣ ለማርፈድ ይመቻል።

ደላላው መጀመሪያ ያሳየኝ ከዚህች የምታምር፣ በዋጋም የምትቀንስ ነበረች። ተውኳት። እንዴት እንደመረጥኩ ልንገርሽ? አከራያችንን ይዣቸው ሄድኩ። ጉልበታቸው ልክ እንደ እናትሽ ነው። በየመኪናው ሦስት ሦስት ጊዜ አወጣኋቸው፣ አወረድኳቸው። የመጀመሪያዋ ከፍ አለችባቸው። በሁለተኛዋ ጭንቅላታቸውን መቱ። በዚህችኛዋ ግን ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ማንም ሳይደግፋቸው ቁጭ አሉ። እንደገና ይውረዱ ስላቸው ተቆጡ፤ "አንተ ሰውዬ፣ የምትገዛው መኪናዋን ነው እኔን?" አሉኝ። ደላላው እናቴ መስለውታል። እማማ ከወደዷት ምን ትጠብቃለህ ይለኛል። ሌላው ሰው ሞተር ያስመረምራል፣ ባልሽ ጉልበት አስመረመረ። ሞተሩንማ ጓደኛዬ መካኒኩ አየው። ከባለቤቷ በፊት አትሞትም ብሏል፤ የትኛውን ባለቤት ማለቱ እንደሆነ እንጃ።

ውሉ ላይ ደግሞ ጉድ ስሚ። ደላላው ወረቀቱን እንደ ውሃ አንበለበለውና አውራ ጣቴን እንድነክር ቀለሙን አቀረበልኝ። እስቲ እኔም ልየው አልኩት። እሱ ሁለት ሻይ ጠጣ፣ እኔ አንድ ገጽ ጨረስኩ። አምስተኛው መስመር ላይ "ትርፍ ጎማን አይጨምርም" ይላል። ሲያነብልኝ ዘሏት ነበር። ጎማዬን አስመጥቼ፣ መስመሯን አሰርዤ ፈረምኩ። ፊርማዬን ብታዪው የሚኒስትር ሚስት የሆንሽ ይመስልሻል።

ቁልፍ የተለዋወጥን ጊዜ ግን ኩራቴ በረደ። በአሮጊቷ መኪና የምትቀመጪበትን የፊት ወንበር ወደፊት ስበሽው፣ ጀርባውን ለጠጥ አድርገሽው ነበር የሄድሽው። ዓመት ሊሞላ ነው፣ ማንንም አላስነካሁም። አንድ ረጅም ተሳፋሪ ጉልበቱ አገጩን እየነካው ወደ ኋላ አይሄድም ወይ ሲለኝ፣ ተበላሽቷል አልኩት። አልተበላሸም። አዲሱ ባለቤት ገና ከመግባቱ ማንሻዋን ሳብ አድርጎ ወንበሩን በአንዴ ወደ ኋላ ገፋው። እኔ ጎማ የማይ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

አሁን የማልቀልድበት ላይ ደረስኩ። እስከ ዛሬ የደረሱሽን ደብዳቤዎች የጻፈልኝ ጎረቤታችን ባለፎቶኮፒው ነው። እስኪርቢቶውን ይዞ "እሺ፣ ቀጥል" ሲለኝ አፌ ላይ የነበረው ይጠፋና፣ ልጆቹን ሳሚልኝ ብለህ ዝጋው እለዋለሁ። ይቺን ነገር በሰው እጅ ማስጻፍ አቃተኝ።

እናትሽ እኛ ጋ የከረሙ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ይዘው ይጠብቁኝ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ያስተማሩ ሰው ዓይናቸው ደክሞ፣ ልጄ እስቲ አንብብልኝ ይሉኛል። የመጀመሪያ ቀን፣ የዛሬው ወሬ ሁሉ ውሸት ነው ብዬ አሳቅኳቸው። በማግስቱ መነጽሬን ረሳሁት አልኩ። አንቺ ታውቂያለሽ፣ መነጽር የለኝም። በሦስተኛው ቀን እሳቸው ሳይነሱ ወጣሁ። ማታውን ነው እንግዲህ አንቺ፣ እናቴ እዚሁ ከእኛ ጋ ይኑሩ ያልሽኝ። እኔም በጣቴ ቆጠርኩልሽ፤ እኔ፣ አንቺ፣ ሦስት ልጆች። "መኪናዋ አምስት ሰው ነው የምትይዘው፤ እናትሽን ከኋላ ከሻንጣው ጋር ልጫናቸው?" ብዬ ራሴው ሳቅኩ። ከመጋረጃው ወዲያ ሲያስሉ ሰማሁ። በነጋታው በአውቶቡስ ሄዳችሁ። ላድርሳችሁ እንኳ አላልኩም።

ያጠረኝ ወንበር አልነበረም።

ባለፈው እሁድ መኪናዋን ልፈትን ብዬ ስድስት ሰዓት ነድቼ እናንተ ደጅ ደርሼ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ቆምኩ። እናትሽ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አንቺ አንሶላ ታሰጫለሽ፣ ትንሹ በአንሶላው መሃል እየሮጠ ያስቸግርሻል። ቁመቱ ገመዱ ጋ ሊደርስ ነው። እጄ የበሩ መክፈቻ ላይ ነበረ። ግን ምን ብዬ ልውረድ? ይቅርታዬ ሳይቀድመኝ እናትሽ ፊት መቆም ድፍረት ሆነብኝ። አንሶላውን ጨርሰሽ እስክትገቢ አየሁሽና ተመለስኩ።

ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፤ የሚያሳፍረኝንም አትዝለዪ። ቅዳሜ ሳምንት እመጣለሁ። አብረን እንሂድ ካሉ ቦታ አለ። እምቢ ካሉም አልቀየምም፤ ለጉልበታቸው ሐኪም ቤት አድርሼ እመልሳቸውና ብቻዬን እነዳለሁ፣ በሚቀጥለውም ቅዳሜ እንደዚያው።

ቤታችሁን ሰላም አይለየው፣ እግራችሁን እንቅፋት አይንካው። ልጆቹን ሳሚልኝ፤ የአሁኑ መዝጊያ አይደለም፣ አንድ በአንድ ሳሚልኝ።

ከዚህ በታች ያለው ለእናትሽ ነው።

እማማ፣ ልጅዎን ልጠይቅ የመጣሁ ቀን ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ ያልኩዎት ውሸት ነው። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ሁለተኛ ክፍል ነኝ።

የልጅዎ ባል