ጌሾ የበዛበት ጠላ

ለእህቴ ለብርሀንነሽ፣ ቤይሩት፤

እንደ ምን ሰነበትሽልኝ? ዘንድሮ ውርጭ ገብሱን ነካው እንጂ እኛን አልነካንም፣ ተመስገን።

እማዬ ጠላ አማራትና በትንሿ እንስራ ጠመቅሁላት። ቀምሳ «ጌሾ አነሰው፤ ብርሀንነሽ ብትሆን!» አለች። ጌሾውን እጥፍ አድርጌ ደገምኩ። «ይሄማ ውሃ ነው» አለችኝ። አንቺ ከሄድሽ አምስት ዓመት ሆነሽ፤ እንስራውን የማጥነው፣ ብቅሉን የማሰጣው እኔ! ተናድጄ በሦስተኛው ከገበያ ያመጣሁትን ጌሾ በሙሉ ከተትኩበት።

ጎረቤታችን ጋሽ ይርዳው ፉት ብለው «አንቺ ልጅ፣ ይሄማ እሬት ነው» እያሉ ብርጭቆውን ገፉት። እማዬ ግን መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ፊቷ በራ። «ይኸዋ የብርሀንነሽ እጅ! ማጀት ምን ታደርጋለች? ጥሪያት እንጂ» አለችኝ። እኔ ማንቆርቆሪያውን ይዤ ፊቷ ቆሜያለሁ፤ እሷ ወደ ማጀቱ ዞራ አንቺን መረቀች። ቅናተኛ በዪኝ።

ለገና አልመጣም ያልሽውን እስቲ እንደገና አስቢበት። እሁድ ስትደውዪ ስለ ጠላው ካመሰገነችሽም፣ «እኔ አልጠመቅሁም» እንዳትያት። ዝም ብለሽ አሜን በያት።

በደህና ያገናኘን።

ጌሾውን የከተተችው፣
ታላቅሽ ትንሳኤ