ከጎዳናው ጋር ያስተካከልከው ግድግዳ

ኑሩ፣

ሰላምታ ልጽፍልህ ተቀምጬ እጄ እንቢ አለኝ። ከተለየኸኝ አራት ክረምት አለፈ፤ አምስተኛው ሊገባ ደመናው ሊማሊሞ ላይ ተኝቷል። የምጽፍልህ እኔው ሚስትህ ዘሃራ ነኝ። «ፊደል ለሴት ምን ይሠራላታል» ትል አልነበር? አንተ ከሞትክ ወዲያ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ፣ የልጅ ልጄን የምታህል አስተማሪ እየተቆጣችኝ ተማርኩት። ጥሩ አደረግሁ። በአፌ ስናገርህ ቆብህን አጥልቀህ ትወጣ ነበር። ከደብዳቤ ግን ወጥተህ የምትሄድበት የለህም።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። የሚያፈሰውን ጣሪያ በሰው አስጠግኜዋለሁ፤ ግንበኛ አግብቼ በየክረምቱ ባልዲ ስደቅን ኖሬያለሁና። ትልቋ ልጃችን ዳባት ሱቅ ይዛለች። ወንድምህ ሰላምታዬን አይመልስም። ግድግዳ የምታቀናበት ቱንቢህም ከበሩ ጀርባ ከምስማሩ ወርዷል፤ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ለምን እንዳወረድኩት ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት። ተናገርኩብህ፣ ኑሩ። ወላሂ ብዬ የማልኩልህን አፍርሼ በኢማሙና በጀመዓው ፊት ተናገርኩብህ።

መስጊዱን ሊያፈርሱት ነበር፤ ሙሉውን፣ ከነምሰሶው። ለልጆቻችን ታወራላቸው የነበረውን መስጊድ። ከምጽዋ ጨርቅና ጨው ጭነው የሚመጡ የሲራራ ነጋዴዎች፣ ሊማሊሞን ሲወጡ በየበቅሎው ጭነት ላይ አንዳንድ የቆላ ድንጋይ እየደረቡ አምጥተው አቆሙት ትል ነበር። በጥቁሩ የስሜን ድንጋይ መሃል ቀይ ቀዩ ጣልቃ የሚገባው ለዚያ ነው፤ እያንዳንዱ ቀይ ድንጋይ ዳገቱን በሰላም የወጣ የአንድ ሰው ምስጋና ነው። አሥራ ሁለቱ የጽድ ምሰሶዎች በመጥረቢያ ብቻ የተጠረቡ ናቸው፤ ምስማር አልነካቸውም። አዛን የሚባልበት ድንጋይ ከቆሙበት እግሮች ብዛት መሃሉ ጎድጉዷል። እኔ ይህን ሁሉ የማውቀው በጆሮዬ ነበር። ለእኛ ለሴቶቹ የተተወልን በስተኋላ ያለው ዳስ ነው። ውስጡን ያየሁት ግድግዳው በወደቀ ጊዜ፣ ጭቃ ተሸክሜ ነው።

መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ክረምት ሰጋጁ ወደ መካ ፊቱን አዙሮ የሚቆምበት የቂብላው ግድግዳ በዝናብ ተናደ፤ አንተ ተጠራህ። ጭቃውን ከጭድ ጋር የረገጥኩት እኔ ነኝ። ይረገጣል፣ ሳምንት ይተኛል፣ እንደገና ይረገጣል። ተረከዜ ተሰንጥቆ እየደማ ረገጥኩት። የድሮው ግድግዳ ከጎዳናው ጋር ሲያዩት ዘመም ያለ ነበር። «የጥንት ሰው ሲባጎ መወጠር አያውቅም!» ብለህ ሳቅህ። ከአሮጌው መሠረት ወጣ ብለህ ሌላ መሠረት ቆፈርክና ግድግዳውን ከጎዳናው ጋር አስተካከልከው። ከተማው «የኑሩ እጅ!» እያለ አደነቀ። የቀኙ ማዕዘን ለምን እንደሰፋ የጠየቀ አልነበረም።

በዓመቱ ከሐጅ የተመለሰ እንግዳ ቤታችን አደረ። አቅጣጫ የምታሳይ ትንሽ መርፌ ይዞ ነበር፤ በእሷ እያየ የቤታችንን መስገጃ አዙሮ አነጠፈልን። ጠዋት እሱን ሸኝተህ ሲባጎህን ይዘህ ወደ መስጊዱ ወጣህ፤ ስትመለስ ፊትህ ዐመድ መስሏል። «የጥንቶቹ ልክ ነበሩ፤ ያጣመምኩት እኔ ነኝ» አልከኝ። ቀጥለህም «ወላሂ በይ፣ አትናገሪም በይ» አልከኝ። ማልኩልህ።

ከዚያ ወዲያ በሰላት ሰልፉ መሃል ትንሽ ዘወር ብለህ ትቆም እንደነበር ሰው ሁሉ ያውቃል። «የኑሩ ወገብ አልተሻለውም» ይሉ ነበር። ወገብህ ምንም አልነበረም። በአንድ ሰፈር ሰው መሃል ለብቻህ በልኩ ስትቆም፣ ግራና ቀኝህ ያሉትን ዝም ብለህ ታያቸው ነበር። ከመስጊዱ ደጅ የቀረሁት እኔ ደግሞ ያቺን መስገጃ ይዤ ቤቴ ውስጥ በልኩ ስሰግድ ኖርኩ። ጎረቤቶቼን ባየሁ ቁጥር አንገቴን የምደፋው ለምን እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅኸኝም።

ዘንድሮ የመስጊዱ ኮሚቴ ልጆች ስልካቸውን ይዘው መጡ። ስልኩ ውስጥም መርፌ አለ። መስጊዱ ከመሠረቱ ጠማማ ነው፣ ይፍረስና በብሎኬት እንሥራው አሉ። አንዱማ «የሲራራ ነጋዴ በቅሎውን ነው የሚያውቅ፣ ቂብላን ማን አሳወቀው!» ብሎ አሳቀ። ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። ከዳሱ ሆኜ ሰማሁ፤ ልክ አንተ የሳቅከውን ሳቅ ነበር የሳቁት። ተነሥቼ ጫማዬን በር ላይ ጥዬ ገባሁ።

«የጥንቶቹ አላጣመሙም፤ ያጣመመው ባሌ ነው» አልኩ።

«እትዬ ዘሃራ፣ ሟች እኮ አይወቀስም» አለኝ ሰብሳቢው።

«ሟቹ የእኔ ነው፤ እኔ እወቅሰዋለሁ። አንተ ዶማ አምጣ።»

ወንድምህ «ይህች ሴት አብዳለች» ብሎ ወጣ። በቀኙ ማዕዘን በኩል አስቆፈርኳቸው። ክንድ ያህል እንደወረዱ የነጋዴዎቹ መሠረት ወጣ፤ ቀይና ጥቁር፣ ድንጋዩ ከድንጋዩ እንደተያያዘ። ያ የሳቀው ልጅ ስልኩን አስቀመጠበት። መርፌዋ ከመሠረቱ ጋር ገጠመች። አጠገቡ ያለው «እስቲ ለኢማሙ አሳያቸው እንጂ!» ብሎ በክርኑ ጎሸመው።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። «ያለፈው ሰላታችንስ?» ብለው ሲጠይቁ ኢማሙ ምን አሉ መሰለህ? «ሳያውቁ ትንሽ መዘንበል ሰላት አያበላሽም፤ ኑሩም ቢጠይቀኝ ይህንኑ እነግረው ነበር» አሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ያን ሁሉ ዘመን ያጎበጠህ፣ እኔንም ከሰው ያራቀኝ ነገር በአንድ ጥያቄ የሚፈታ ነበር። ግን መጠየቅ ግንበኛውን ያሳንሰዋል! አላህን ፈርተህ ቢሆን ኖሮ በታገስኩህ። የፈራኸው «የኑሩ እጅ» መባሉ እንዳይቀርብህ ነው።

መስጊዱ ተረፈ። የሚፈርሰው ያንተ ግድግዳ ብቻ ነው፤ በአሮጌው መሠረት ላይ ይሠራል። ቱንቢህን ለግንበኞቹ ሰጠኋቸው። ቱንቢው ጥፋት አልነበረበትም።

አንድ ነገር ቀርቷል። ከመስጊዱ በስተኋላ ያለው መቃብር የሚቆፈረው፣ የሟች ፊት ወደ ቂብላ እንዲሆን፣ በቂብላው ግድግዳ ልክ እየታየ ነው። አንተንም በራስህ ግድግዳ ልክ ነው ያጋደሙህ። ይህን ሳስብ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ሳልጨርሰው ሌላ ነገር ሆነብኝ። የእኔን ከጎንህ እንዲቆፍሩት፣ ግን በአዲሱ ግድግዳ ልክ እንዲያደርጉት ለልጆቻችን ተናዝዣለሁ። ከአጠገብህ እሆናለሁ፤ ፊቴ ግን ካንተ ትንሽ ዘወር ይላል። በሰልፉ መሃል እንዳንተ መቆም ነው።

እስከዚያው አልረሳህም። ሰው «የኑሩ እጅ» እያለ ሲያነሳህ የደማውን ተረከዜንም እነግረዋለሁ። መስገጃውን እንግዳው ካነጠፈበት አላነሳሁትም። በቀን አምስት ጊዜ በልኩ መስመር ላይ ቆሜ፣ አንተን እየወቀስኩ ዱዓ አደርግልሃለሁ።

ዘሃራ