የጄኔራሉ እግር በቀይ እስክሪብቶ ስለ መርዘሙ

ለቁምስናችን የሕፃናት ትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ኃላፊ

ክቡር አባታችን፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ፦ ጉልበትዎ ደረጃውን ለመውጣት፣ ዓይንዎ ጥቃቅኑን ጽሑፍ ለማንበብ፣ በተለይም ትከሻዎ የዚህን ሁሉ ሕፃን ነፍስ ለመሸከም እንደምን ሰነበቱ? እኔ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ የጓሮ በር ትይዩ ባለችው ጠባብ ሱቅ ተቀምጬ ለአሥራ አንድ ዓመት የእርስዎንም የመዘምራኑንም ልብስ የሰፋሁት ልብስ ሰፊ፣ ቁጣዬ ከጉሮሮዬ አልወርድ ከማለቱ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ልሰጥዎ አስቤ ነበር። ባለቤቴም «ተው፣ ከቤተ ክርስቲያን ጋር አትካሰስ፤ ገብተህ በእርጋታ ንገራቸው» ብላኝ ምክሯን ሰምቼ ከሁለት ሳምንት በፊት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር፤ ያን ቀን ስላደረጉልኝ መስተንግዶ ዝቅ ብዬ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። አሁን ግን የሱቄ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ልብስ ሊለኩ የሚመጡ ሁሉ ተራቸውን ሲጠብቁ ያነቡታል።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ቁርባን እየተዘጋጀች በእርስዎ ክፍል ትማራለች። ትንሹ አራት ዓመቱ ሲሆን፣ ግራ እግሩ ከቀኙ ሁለት ጣት ያጥራል፤ ሲወለድም እንዲሁ ነበር። ባለ ወፍራም ሶሉን ጫማ አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሲሄድ ሰልፍ የሚጎበኝ ሹም ስለሚመስል ሰፈሩ ሁሉ «ጄኔራል» ይለዋል። ሱሪውን የምሰፋለት እኔ ነኝ፤ የግራውን ሁለት ጣት አሳጥሬ እቆርጣለሁ። በሙያዬ ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ በእሱ ሱሪ ግን አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልለፍ፤ እርስዎ ተራ ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፦ ዓለም እንዴት እንደተፈጠረች ለልጄ ስላስተማሩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በየሳምንቱ አንድ የፍጥረት ቀን፣ ለየቀኑ አንድ የሥዕል ወረቀት እየተሰጣት ስትማር ቆይታ፣ አራተኛው ሳምንት ላይ እጇን አውጥታ፣ ፀሐይ የተፈጠረችው በአራተኛው ቀን ከሆነ የመጀመሪያው ቀን መምሸቱ በምን ታወቀ ብላ ጠየቀች። ሊቃውንት ጢማቸው እስኪሸብት ሲያወጡ ሲያወርዱት የኖሩትን ጥያቄ ልጄ ቀለም በቀለም በሆኑ ጣቶቿ ይዛው ስለተገኘች ልኮራ ስል፣ የክፍልዎ መልስ በውጤት ካርዷ ላይ ተጽፎ መጣልኝ፦ «ጥያቄ ታበዛለች፤ ወላጅ ይምከራት።» ከሥሩ ፈረምኩ። በዚህ እንኳ አልተቆጣሁም፤ ይህን ያነሣሁት እግረ መንገዴን ነው።

ሁለተኛ፦ ስድስተኛው ቀን ደረሰ። ትእዛዙ «እግዚአብሔር የፈጠረውን ሰው በገነት ውስጥ ሳሉ» የሚል ነበር። ልጄ አዳምን ሳለች፣ ሔዋንን ሳለች፣ ዝሆን ሳለች፤ የልብስ ሰፊ ልጅ ናትና ዝሆኑ ሳይቀር ከላይ እስከ ታች ቁልፍ አለው። ከዛፉ ሥር ደግሞ ወንድሟን ሳለች፦ ግራ እግሩ አጠር ብሎ፣ ጫማው ወፍሮ፣ እጁ ወገቡ ላይ ሆኖ። ከሥሩ በራሷ እጅ ጽሑፍ «መልካም ነው» ብላ ጻፈችበት። በሚቀጥለው እሑድ ወረቀቱ ሲመለስ የጄኔራል የግራ እግር በቀይ እስክሪብቶ ተጎትቶ፣ ከቀኙ ጋር እኩል መሬት ነክቶ፣ ወፍራሙ ጫማ ላይ የኤክስ ምልክት ተደርጎበት አገኘሁት። ጠርዙ ላይ «ከበደል በፊት ጉድለት የለም» የሚል ማብራሪያና ከአሥር ሰባት ነበረ። ለቁርባን የሚያሳልፈው ስምንት ነው።

የምታስተምራትን ወጣት መምህርት ሄጄ አነጋገርኳት። በእሷ አልፈርድም፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «እኔ ምን ላድርግ ጋሼ፣ መመሪያው ነው» አለችኝና የእርስዎ ፊርማና ክብ ማኅተም ያረፈበትን የእርማት መመሪያ አሳየችኝ፦ «በስድስተኛው ቀን ሥዕል ላይ የሰው አካል ሙሉ ይሆናል፤ የጎደለ ቢገኝ ይታረም።» ይታረም! አባታችን፣ እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ ነገር ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ሲነበብ የሰማሁት፣ እግዚአብሔር መጀመሪያ እንዳየ፣ አይቶም መልካም እንደሆነ እንደተናገረ ነው። የእርስዎ ክፍል መልካም የሚባለውን አስቀድሞ በመመሪያ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው ያየው። ደግሞም ከበደል በኋላ የመጀመሪያውን ልብስ የሰፋው ማን እንደሆነ መመሪያዎ አያነሣም፤ እኛ ልብስ ሰፊዎች ግን አንረሳውም። እግዚአብሔር ለበደሉት እንኳ የቁርበት ልብስ ሰፋላቸው እንጂ ቀይ እስክሪብቶ አላነሣባቸውም።

ሦስተኛ፦ ልጄ ትምህርቷን በሚገባ ስለመያዟ ላረጋግጥልዎ እወዳለሁ። የዚያኑ ዕለት ማታ እኔ ከንፈሬ መካከል ስፒል ይዤ አንድ ቀሚስ እያያያዝኩ ሳለሁ መጥታ አጠገቤ ቆመችና «አባዬ፣ ጄኔራል ከእባቡ በኋላ ነው እንዴ የተፈጠረው?» አለችኝ። ስፒሉን ከአፌ እስካወጣ ድረስ መልስ እየፈለግኩ ነው ብላ ጠበቀችኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከሰው ልጅ አፍ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሱቅ ውስጥ እየተኮስኩ ሳለሁ ከጓዳው የታፈነ የልጅ ድምፅ ሰማሁ። ገብቼ ያየሁትን ለማንም አባት አልመኝም። ጄኔራል ወለሉ ላይ በጀርባው ተኝቷል። እኅቱ የግራ ተረከዙን በሁለት እጇ ይዛ፣ እግሯን የአልጋው ቋሚ ላይ ተክላ፣ ላብ በላብ ሆና ትጎትተዋለች። ወለሉ ላይ በጠመኔዬ ሁለት መስመር አሥምራለች፤ አንዱ አሁን የደረሰበት፣ ሌላው ሊደርስበት የሚገባው ነው። እሱ አይታገላትም። የመለኪያ ሜትሬን ነክሶ፣ እንባው ወደ ሁለት ጆሮው እየወረደ «ጨምሪ» ይላታል። ምን እያደረጋችሁ ነው ብዬ ስጮህ፣ ልጄ ደንግጣ «ለእሑድ እንዲደርስ ነው አባዬ፤ ከደረሰ መልካም ይባላል» አለችኝ። የተረከዙ ቆዳ ለሦስት ቀን ቀይ ሆኖ ሰነበተ። በትሕትና መጻፌ ቁጣዬ ስለበረደ እንዳይመስልዎ።

አራተኛ፦ ከላይ የጠቀስኩት መስተንግዶ። ይህንኑ ሁሉ ልነግርዎ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ ወንበር ሰጥተውኛል፤ አመሰግናለሁ። ዓይንዎን ከስልክዎ ሁለት ጊዜ ቀና ስላደረጉልኝም አመሰግናለሁ፤ አንደኛው ስገባ፣ ሁለተኛው ስወጣ ነው። ጄኔራል ሜትሬን ነክሶ ስለማልቀሱ ስነግርዎ ፈገግ ብለው «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» አሉኝ። ከዚያም «ደግማ ትሳለው፤ ምን አስቸገረ?» ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። ተረቱ ትክክል ነው። የትኛው ብስል፣ የትኛው ጥሬ እንደሆነ ግን ከልጆቹ ይልቅ ቢሮ የነበርነው ትልልቆቹ ብንመረመር ይሻላል።

አምስተኛ፦ ደግማ ሳለችው። እኔ አላዘዝኳትም፤ ይህ ይታወቅልኝ። የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ጥግ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ሳለችውና ወሰደችው፤ ከአሥር አሥርና አንድ ወርቃማ ኮከብ ተለጥፎበት ተመለሰ። እንኳን ደስ ያለዎ። አዳም አለ፣ ሔዋን አለች፣ እግሮቻቸው በማስመሪያ የተለኩ ይመስላሉ፤ ዝሆኑም ከነቁልፉ አለ። ከዛፉ ሥር ማንም የለም። ወንድምሽስ ብላት ቀና ብላ ሳታየኝ «ውጭ ነው አባዬ፣ በሩ ጋ ይጠብቀናል» አለችኝ። ጄኔራል ግን ሥዕሉን በሁለት እጁ ይዞ፣ ፊቱን አስጠግቶ፣ ጣቱን እያስኬደ ሲፈልግ ቆየና «እኔ ከዝሆኑ ጀርባ ነኝ፣ አይደል?» አለን። ባለቤቴ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ተኩሼ የጨረስኩትን ሸሚዝ እንደገና መተኮስ ጀመርኩ፤ አለቀስኩበትም።

ስለዚህ ክቡር አባታችን፣ ጥያቄዬ አጭር ነው። አሥሩን ከነኮከቡ ይውሰዱልን፤ ሰባታችንን ይመልሱልን። መምህርቷ በቀይ ያስረዘመችውን እግር በገዛ እጅዎ ያጥፉልን፤ ሲጠፋ ወረቀቱ ቢቀደድ እንኳ የተቀደደ መጣፍ ሥራዬ ነው። ልጄን በሰባት ይቀበሏት። ጄኔራልም ከሦስት ዓመት በኋላ እዚያው ክፍል ይገባል፤ ያኔ የስድስተኛው ቀን ወረቀት ሲሰጠው ራሱን ስሎ አሥር የሚያገኝበትን መመሪያ ከአሁኑ ያዘጋጁለት።

የቁርባኑ እሑድ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የልጄ ነጭ ቀሚስ ተሰፍቶ አልቋል፤ ጥልፉን ጭምር አብጅቼላታለሁ። በዚያ ቀን የመጀመሪያውን ሥዕሏን ከነቀዩ መስመር ደረቷ ላይ ይዛ በሰልፉ ትቆማለች፤ ወንድሟም በሩ ጋ አይጠብቅም፤ የቀሚሷን ጫፍ ይዞ አብሯት ይገባል። በሕዝብ ሁሉ ፊት ይቀበሏት ወይም ይመልሷት፤ ያን ጊዜ ስልክዎ በእጅዎ ስለማይኖር በደንብ እንደሚያዩአቸው እተማመናለሁ።

ለሰጡኝ ትምህርት ወሮታ መክፈል የማልችል፣ ስለ ጤናዎ ከልቡ የሚጸልይ፣ በሙያው የሰውን ልክ ሲወስድ ኖሮ የማንንም ልክ ለሌላ ሰው ያልነገረ፣ የሁለት ልጆች አባት፣

ታዛዥዎ ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ያዘዙት አዲሱ ጥቁር ቀሚስ ደርሷል፤ በመጡ ጊዜ ይውሰዱት። እርስዎ የማያውቁት አንድ ነገር ግን አለ። አንደኛው ትከሻዎ ከሌላው ሁለት ጣት ዝቅ ይላል፤ የትኛው እንደሆነ ለዚህ ሁሉ አንባቢ አልናገርም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳልጠየቅ፣ ለማንም ሳልተነፍስ፣ በዚያ በኩል ስስ ጥጥ እየደረብኩ ስሰፋልዎ ኖሬያለሁ። የዘንድሮውን ግን የክፍልዎን መመሪያ አክብሬ ሁለቱንም ትከሻ እኩል አድርጌ ቆርጬዋለሁ። ለብሰውት ወደ አንድ በኩል ቢያጋድልብዎ አይጨነቁ፤ ይዘውት ይምጡ። ያለ ነጥብ ቅነሳ አስተካክለዋለሁ፤ የማስተካክለው ግን ቀሚሱን ነው እንጂ እርስዎን አይደለም።