ባል ውጭ ይጠብቅ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ወንበርዎም እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ፤ ለሁለታችሁም ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ። እኔን የሚያውቁኝ አይመስለኝም፤ ማህፀኔን ግን ሆስፒታልዎ አሳምሮ ያውቀዋል። ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ሲሆን፣ ከመጋባታችን በፊት ጀምሮ ለአንጀት ቁስለቱ አንድ ቢጫ ክኒን ጠዋትና ማታ ይውጣል። ስድስት ዓመት ሙሉ ልጅ አጥተን፣ የእናንተን ቀጠሮ ግን አጥተን ስለማናውቅ፣ ምስጋናዬን በአደባባይና በተራ ቁጥር ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

1ኛ. ስለ ኮሪደሩ። የአንጀት ሐኪሙና የሴቶች ሐኪሙ ክፍሎች ፊት ለፊት ናቸው፤ አንደኛው ቢያስነጥስ ሌላው ወንበሩ ላይ እንዳለ «ይማርህ» ሊለው ይችላል። ባለቤቴ ከአንደኛው ክፍል መድኃኒቱን አስጽፎ ይወጣና፣ እኔ የምገባበት በር ላይ «ባል ውጭ ይጠብቅ» የሚለውን ማስታወቂያ አንብቦ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ክኒኑ ኪሱ ውስጥ፣ እሱ ውጭ፣ ምርመራው እኔ ላይ! ሁለቱ ሐኪሞችዎ ሻይ አብረው ሲጠጡ በዓይኔ አይቻለሁና፣ ይህን ሁሉ ዘመን የእኛን ነገር እንዳያነሱ የያዛቸውን ጨዋነት ሳላደንቅ አላልፍም።

2ኛ. በእኔ ላይ ስለ ደከማችሁት ድካም። ራጅ አንስታችሁኛል፣ የማህፀን ቱቦዬን አጥባችሁልኛል፣ በመርፌ ወግታችሁ እንደ ከበሮ ነፍታችሁኛል። ምንም ስላልተገኘም «ምክንያቱ ያልታወቀ» ብላችሁ ያንኑ ያልታወቀውን በእኔ ስም አስመዘገባችሁት። የሴቶች ሐኪሙ ሳልጠይቃቸው አማቴን ኮሪደር ላይ አግኝተው «ችግሩ እሷ ጋ ነው» ስላሉልኝም እግዜር ይስጥልኝ፤ አማቴ ከዚያ ቀን ወዲህ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የሕክምና ዘዴ ኖሯል።

3ኛ. የአንጀት ሐኪሙ ዕረፍት ስለ መውጣታቸው። በእሳቸው ቦታ የተተኩት ሐኪም፣ የቤቱን ደንብ ገና ስላልለመዱት ነው መሰል፣ ባለቤቴን ልጅ ትፈልጋላችሁ ወይ ብለው ጠየቁት። ወይ ድፍረት! ክኒኑ በአንዳንድ ወንዶች ላይ የዘሩን ቁጥር እንደሚቀንስ፣ የቀረውንም እንደሚያሰንፍ፣ መድኃኒቱ ሲለወጥ ግን ብዙውን ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደሚያገግም ነገሩት፤ በገዛ ፈቃዱ እንዳያቋርጥም አስጠነቀቁት። ከዚያ አንድ ብልቃጥ አስጨብጠው ወደዚያ መቀርቀሪያ ወደሌለው ሽንት ቤታችሁ ላኩት። ባሌ በአንድ እግሩ በሩን ደግፎ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ሰው ሞተ ወይ እያሉ እያንኳኩ፣ ግዳጁን እንደምንም ተወጣ። ሾፌር ባይሆን ኖሮ እግሩን አንድ ቦታ፣ ሐሳቡን ሌላ ቦታ ማድረጉን ከየት ያመጣው ነበር? ውጤቱን ሲያስረዳኝ አብዛኛው ወንበር ባዶ ነው፣ የተሳፈሩትም እንቅልፍ ላይ ናቸው አለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ሐኪሙ ለደበቀው በሽታስ ማን አለው?

4ኛ. ይህኛው ምስጋና አይደለም፣ ልመና ነው። የፊታችን እሁድ የባለቤቴ ዘመዶች ተሰብስበው፣ እኔን አሰናብተው ለልጃቸው «የምትወልድ» ስለ መፈለግ ይመክራሉ። መድኃኒቱ ተለውጦለታል፣ ተስፋም አለን፤ ይሁንና እሱ እናቱ ፊት ስለ ዘሩ ከሚያወራ አውቶቡሱን ገደል ቢከተው ይመርጣል፤ እኔ ብናገር ደግሞ ምን ትበል ይሉኛል። አማቴ የሚያምኑት ሐኪም ነው፣ ያውም የእናንተን ሐኪም። ስለዚህ «ችግሩ እሷ ጋ ነው» ያሉት የሴቶች ሐኪም እሁድ ቤታችን ተገኝተው፣ ቃላቸውን በዚያው አንደበታቸው እንዲያነሱልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ተቃጥያለሁ፣ ክቡር ሆይ። ባሌን እወደዋለሁ፤ እናንተ አንዲት ጥያቄ ስለከበደቻችሁ እኔ ቤቴን አለቅም።

ጤነኛ መሆኗን ራሳችሁ ደጋግማችሁ መርምራችሁ ያረጋገጣችሁላት፣ በታጠበ ቱቦና በማይነጥፍ አክብሮት እጅ የምትነሳዎ፣
ልብስ ሰፊዋ

ከፈረምኩ በኋላ የተጨመረ፦ ባለቤቴ ይህን ደብዳቤ አንብቦ ጉዴን አደባባይ ልታወጪው ነው ወይ ብሎ፣ በምን ፊቴ መሪ እጨብጣለሁ ብሎ፣ ይኸው ካኮረፈኝ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የእኔ ማህፀን ስድስት ዓመት የሰፈር ወሬ ሆኖ ሲከርም ግን እሱም፣ እናንተም፣ ማንም አላፈረም ነበር። ለእፍረቱ የሚሆን መድኃኒት ካላችሁ እባካችሁ ስጡት፤ ብቻ ይህኛውን ከመዋጡ በፊት ምን እንደሚያደርገው ለሁለታችንም ንገሩን።