ሽቶ ነው ያልኩት

ሰቆጣ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለማስተዋል፤

እንደምን ከርመሻል? የባሕር ዳር ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ ከብርዱ በቀር ደህና ነን። ስልክ እያለ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። ስልኩ ሲጮህ ቀድሞ የሚያነሳው ይሄይስ ነው፤ «እማ ማስቱ ናት» ብሎ ይዞት ደጅ ይወጣል። እኔ ጋ ሲደርስ ወይ ካርዱ አልቋል ወይ ወሬው። ስለዚህ ይህን በአውቶቡስ ረዳቱ በቅጣው እጅ ልኬልሻለሁ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ «እማ» ሲልሽ አንጀቴ ይቃጠላል። በጦርነቱ ጊዜ አንቺ ዘንድ የሰደድኩት ነፍሱን እንድታተርፊልኝ ነው። አተረፍሽልኝ፣ እግዜር ይስጥሽ። ግን የተመለሰው ልጅ ያንቺ ልጅ ነው። ሽሮ ባቀርብለት «እማ ማስቱ ነጭ ሽንኩርት ታበዛበታለች» ይላል። አበዛሁበት፤ «የሷ እንዲህ አይደለም» አለኝ። በቋንቋችን በኽምጣንጋ ሳናግረው በአማርኛ ይመልስልኛል።

ከገና ወዲህ ልብሱ ማንጎ ማንጎ ይሸተኝ ጀመር። ኪሱን ብፈትሽ ጣት የምታክል፣ አፏ ቀጠን ያለ ሰማያዊ ዕቃ አገኘሁ። ሽቶ ነው አልኩ፤ ማስቱ ናት የላከችለት አልኩ። ዓይኔ ቀላ። ለእኔ አንድ ነጠላ ለመላክ ዓመት ትፈጂያለሽ፣ ለእሱ ሽቶ! እንዳልጠይቀው ቀናች ይለኛል ብዬ ወደ ኪሱ መለስኩት። ወደ ኪሱ ሳልመልሰው በፊት ግን፣ አትሳቂብኝ፣ አንገቴን አሸሁበት። ምንም አልሸተተኝም። ውድ ሽቶ ቆይቶ ነው የሚሸተው ብዬ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።

ከጥምቀት በኋላ ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ጠራ። መምህር ገብረ ጻድቅ ልክ እንደዚያች ያለች ዕቃ ከፍ አድርጎ «ይህን የሚያውቅ አለ?» አለ። ነገሩ ሲያንገበግበኝ ሰንብቷልና ጮክ ብዬ «ሽቶ ነው፤ እህቴ ለልጄ ልካለታለች» አልኩ።

«እናቴ፣ ይህ በባትሪ የሚጨስ ሲጋራ ነው፤ ቬፕ ይሉታል» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሽታው የፍራፍሬ ነው፣ ውስጡ ኒኮቲን አለው። አንዴ ከለመዱት መተው ይቸግራቸዋል። ከአጥሩ ጥግ የሚሸጡላቸው አሉ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ይሄይስ በር ላይ ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ ሰምቶኛል።

እቤት ገብተን ስጠይቀው አንቺ እንዳልሆንሽ ማለልኝ። ጓደኞቹ ናቸው ያስለመዱት። ስምሽን በሰው ፊት በከንቱ አንስቻለሁና ይቅር በይኝ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረብኝ። «እንግዲያውስ ለማስቱ እነግራታለሁ» ስለው ግን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ጉልበቴን ይዞ «ለእማ እንዳትነግሪያት» አለኝ። በኽምጣንጋ ነው ያለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ በቋንቋዬ ያናገረኝ ላንቺ ብሎ ነው።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ልጽፍልሽ አልፈለግሁም ነበር። እኔ ማወቄ ምንም ያልመሰለው ልጅ፣ አንቺ እንዳታውቂ ጉልበት ይስማል። ግን ዛሬ ጠዋት ውሃ ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ አየሁት፤ ጀሪካኑን እያስቀመጠ ይስላል፣ እንደ ሽማግሌ ያለከልካል። አሥራ ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። እኔ ልቃጠል፣ የእሱ ሳንባ ይትረፍልኝ።

ደውይለት። እኔ እንደነገርኩሽ አታስመስይ፤ በስልኩ ሳልህን ሰማሁት በይው። አትቆጪው፣ ብቻ ጠይቂው፤ ላንቺ አይዋሽም። ብርድ ነውና እሱ ደጅ አይውጣ፤ ስታወሩ እኔ እወጣላችኋለሁ። የሚተወው ላንቺ ብሎ ከሆነም ላንቺ ብሎ ይተወው። ግድ የለኝም።

ሽሮው ላይ ከነጭ ሽንኩርቱ ሌላ ምን እንደምትጨምሪበትም ንገሪኝ።

እመቤታችን ከክፉ ትሰውርሽ፣ ደጅሽን ሰላም ታድርግልሽ።

እህትሽ ይታየሽ፣
የይሄይስ እናት